ውዳሴ ኩረጃ

ሀገር ምስጋናዋን የነፈገቻቸው ባለውለታዎች ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱ ሁሉ ግን የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪን ያህል የተበደለ የለም። ሌላው ዓለም አንድ የኤሌክትሪክ ጥያቄ ለመፍታት ሥዕል ሲሥል፣ ምልክት ሲያጣራ፣ አሃድ ከአሃድ ሲያመሳክር ሌሊቱን ያጋምሳል። የእኛ ተማሪ ግን ነገ ጠዋት የሚያስረክበውን የጄኔራል ፊዚክስ አሳይመንት ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ጀምሮ፣ አሥሩንም ጥያቄ ሳያነብባቸው ሠርቶ፣ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ይተኛል። ጥያቄ አንብቦ መመለስን ማንም ያውቅበታል፤ ሳያነብቡ መመለስ ግን ጸጋ ይጠይቃል፤ ይህችም ጽሑፍ ለዚያ ጸጋ የቀረበች እጅ መንሻ ናት።

ውዳሴው ከሽፋኑ መጀመር ይኖርበታል፤ ሥራውም የሚጀመረው ከዚያው ነውና። የግሩፕ አሳይመንት ሽፋን በቀለም ይታተማል፤ ዓርማው ከላይ፣ የመምህሩ ስም ከነማዕረጉ ከታች፣ በመካከል ደግሞ የስድስት ተማሪዎች ስም ከነመታወቂያ ቁጥራቸው ይደረደራል። የሥራ ክፍፍሉም የሚያስቀና ነው፤ አንዱ ቀለሜ ይሠራል፣ አንዱ ያሳትማል፣ አንዱ ስቴፕለር ይለምናል፣ የቀሩት ሦስቱ ስማቸውን ያዋጣሉ። ስም ማዋጣትን የሚንቅ ቢኖር ዕድር ገብቶ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። ቀለሜው የታመመ ዕለት ደግሞ የመጽሐፉ ሶሉሽን ተዘርግፎ የሚገኝበት የቴሌግራም ቻናል አለ። ጥያቄው ስለ 9 ቮልት ባትሪ ሆኖ ከቻናሉ የተገኘው መልስ በ12 ቮልት የተሠራ ቢሆን፣ ተማሪው ለሦስት ቮልት ብሎ የሰው ሥራ አያበላሽም፤ እንደተጻፈ ያስረክበዋል። ለደራሲ መብት እንዲህ የሚጠነቀቅ ትውልድ ከወዴት ይገኛል?

ሽፋኑን ስንገልጥ «ጊቭን» (የተሰጠ)፣ «ሪኳየርድ» (የሚፈለግ)፣ «ሶሉሽን» (መፍትሔ) የሚሉት ሦስት ቃላት እንደ ጸሎት መክፈቻ በየጥያቄው ራስ ላይ ቆመው ይቀበሉናል። ቁጥሮቹ «ጊቭን» ሥር ይለቀማሉ፤ ከዚያም የሚያስተናግዳቸው ፎርሙላ ይፈለጋል። ሁለት ቻርጅ (የኤሌክትሪክ ሙሌት) እና አንድ ርቀት ከተገኘ የኩሎም ሕግ ነው፤ ቮልትና አምፒር ከተገኘ የኦም ሕግ ነው፤ የተረፈ ቁጥር ካለ ይባዛል። ቻርጆቹ ማንን ወዴት እንደሚገፉ ለማየት ሥዕል መሣል ወረቀት ማባከን ነው። ለምሳሌ 3 እና 5 ማይክሮኩሎም የያዙ ሁለት ጥቃቅን ሉሎች በ20 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ቢቀመጡ፣ ነገር አጥባቂ ሰው ማይክሮዋን ወደ አንድ ሚሊዮንኛ ለውጦ በመካከላቸው ያለው ኃይል 3.4 ኒውተን ገደማ መሆኑን ያገኛል፤ ይህም ሲሶ ኪሎ ስኳር ከፍ አድርጎ ለመያዝ የሚበቃ ነው። የእኛ ተማሪ ግን ያቺን ለማይክሮ የቆመች ጅራታም የግሪክ ፊደል አይቶ እንዳላየ ያልፋትና 3.4 ትሪሊዮን ኒውተን ያስረክባል። ይህ ኃይል ከ340 ሚሊዮን ቶን በላይ ይሸከማል። የህዳሴ ግድብ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ኮንክሪት የፈሰሰበት ቢሆንም፣ ሁለቱ ሉሎች የእርሱን ዓይነት ግድብ አሥር ደርበው ቢጭኑባቸው እንኳ አይንበረከኩም። ተማሪው በዚህ አልተደነቀም፤ ከመልሱ ሥር ሁለት ጊዜ አስምሮ ወደ ሚቀጥለው አልፏል።

ከዕረፍት ተነሥቶ በ500 ቮልት የተወረወረ ኤሌክትሮን ፍጥነቱ ስንት ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ በሰከንድ 13 ሚሊዮን ሜትር ያህል ነው። ቀለሜው እንቅልፍ ተጭኖት ስኩዌር ሩቱን የረሳ እንደሆነ ግን ኤሌክትሮኑ በሰከንድ 176 ትሪሊዮን ሜትር ይበርራል፤ ብርሃንን ወደ 600 ሺህ እጥፍ ገደማ ይቀድማል ማለት ነው። አንስታይን በ1905 እ.ኤ.አ. ያጸናው የፍጥነት ወሰን በአንድ ዶርም ውስጥ፣ በአንድ ሌሊት ይሻራል። በማግስቱ ያው ኤሌክትሮን በያው ፍጥነት ከሰባ ተማሪዎች ወረቀት ላይ ይገኛል። በዚህ በማንግባባበት ዘመን ሰባ ሰው በአንድ ቁጥር ላይ ያለ ሽማግሌ ሲስማማ ማየት እንባ ያመጣል።

የመጽሐፉ ጀርባ ለኢተጋማሽ ተራ ቁጥር ጥያቄዎች መልስ ይዟልና፣ በእነዚያ ላይ ጥበበኛው ተማሪ ከመልሱ ተነሥቶ ወደ ጥያቄው ይመለሳል። ሽቅብ ሲወጣ እኩል አልሆን ባለው መስመር ላይ ማንም ያልጠራት 2 ድንገት ትገባለች፤ ኔጌቲቭ ምልክትም ኮቴዋን ሳታሰማ ትሰወራለች። የፊዚክስ ሊቁ ሌንዝ በ1834 እ.ኤ.አ. ሕግ ያወጣው በዚያች ምልክት ምክንያት ነበር፤ በጥቅል ሽቦ ውስጥ የሚፈጠር ከረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) ለመፈጠሩ ምክንያት የሆነውን ለውጥ ሁልጊዜ ይቃወማል ማለቱ ነው። ተቃውሞው ባይኖር ኖሮ ማግኔቱን አንዴ ወደ ሽቦው ገፋ ማድረግ ይበቃ ነበር፤ ከረንቱ ማግኔቱን ወደ ውስጥ እየሳበ፣ ማግኔቱም ከረንቱን እያበዛ፣ ያለ ውኃና ያለ ነዳጅ ኃይል ሲጨምር ይኖር ነበር። እንግዲህ ተማሪው ኔጌቲቯን ሲጥል ከግልገል ጊቤ እስከ ህዳሴ የተደከመበትን ሁሉ በአንድ መስመር አስቀርቶታል፤ መምህሩ ግን ይህን ውለታ ግማሽ ማርክ በመቀነስ መለሰለት።

የማግኔቱ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ተነሥተን እንቆማለን። በመግነጢስ መስክ ውስጥ የሚሮጥ ቻርጅ ወዴት እንደሚገፋ የሚነግረን የቀኝ እጅ ሕግ ነው፤ ጣቶችን ወደ ፍጥነቱ አቅጣጫ ዘርግቶ ወደ መስኩ ማጠፍ፣ ከዚያም አውራ ጣት ወዴት እንደሚያመለክት ማየት ነው። ዳሩ ግን ቀኝ እጅ ሥራ ላይ ነው፤ እስክርቢቶ ይዟል። ስለዚህ በፈተና ቀን ወደ አዳራሹ ብቅ ያለ እንግዳ፣ ተማሪው ሁሉ ግራ እጁን አየር ላይ እያጣመመ፣ ክንዱን እያዞረ፣ ከማይታይ መንፈስ ጋር ሲከራከር ያያል። የቀኝ እጅን ሕግ የተማረ ሁሉ ግራ የሚገባው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። የሚደንቀው ግን ወዲህ ነው። ሕጉ የተነገረው ለፖዘቲቭ ቻርጅ ስለሆነ፣ ለኤሌክትሮን አቅጣጫው መገልበጥ ነበረበት፤ ተማሪው ይህን ይረሳል። ግራ እጅ ደግሞ አቅጣጫውን በራሱ ይገለብጣል። ሁለቱ ስሕተቶች ተጋብተው እንከን የሌለው መልስ ይወልዳሉ፤ ተማሪውም ሙሉ ማርኩን ተቀብሎ በግራ እጁ ላይ ያለው እምነት ይጸናል። ከዚህ በኋላ ስለ ፕሮቶን የሚጠይቅ መምህር ክፉ ሰው ነው።

ይህን ሁሉ ላየ ሰው የፊዚክስ ሊቁ ኪርቾፍ ያሳዝናል። በ1845 እ.ኤ.አ. በኮኒግስበርግ የ21 ዓመት ተማሪ ሳለ፣ በፍራንዝ ኖይማን ሴሚናር መልመጃ ሲሠራ ነበር ዛሬ በየወርክሺቱ የሚያስጨንቁንን ሁለቱን የሰርኪዩት ሕጎች ያወጣቸው። ቻናል ቢኖረው ኖሮ መልመጃውን ገልብጦ በሰላም ይተኛ ነበር፤ እኛም ሰርኪዩቱን በየሉፑ (በየዙሩ) ዞሮ ከመደመር እንገላገል ነበር። በሀገራችንም ቢሆን እንዲህ ያለ ኋላ ቀርነት አልጠፋም፤ የቅኔ ቤት ተማሪ ምግቡን ለምኖ ይበላል እንጂ ቅኔ ለምኖ ለመምህሩ አያቀርብም፤ የትናንቱን የራሱን ቅኔ እንኳ ዛሬ ቢደግመው ነውር ነው። አሁን ግን ሥርዓቱ ተሻሽሏል፤ ምግቡ ከካፌ ይቀርባል፣ የሚለመነው መልሱ ነው።

መምህራንን ሳናነሣ ብናልፍ ደግሞ አድልዎ ይሆናል። ወርክሺቱ የአምናውና የካቻምናው ነው፤ ታናናሾች ከታላላቆች የሚወርሱት ነገር እንዳያጡ በማሰብ ቁጥሮቹ አልተነኩም፤ አንዳንድ ጊዜም ዓመተ ምሕረቱ እንኳ እንዳለ ነው። ሰባ ወረቀት ለማረም የተቀመጠ ሰው አንዱን ብቻ ቢያነብ ስንፍና ሊባል አይገባም፤ የቀሩት ስልሳ ዘጠኙ ምን እንደሚሉ ያውቃልና። ሽፋኑ ካማረ አሥር ከአሥር ነው።

ባለፈው ክረምት ከዚህ ትምህርት «ኤ» ይዞ ለዕረፍት የመጣ የጎረቤቴ ልጅ ዘንድ ቡና ተጠርቼ ነበር። እናቱ ምጣዱን ጥደው እየጋገሩ፣ «አንተ ልጅ፣ ስለ መብራት ተምሬ መጣሁ አላልከኝም? ማታ ማታ ይኼ ምጣድ ለምን አይግልልኝም? እንጀራው እኮ ዓይን አላወጣ አለኝ» አሉት። ነገሩ ሁለት መስመር የማይሞላ ስሌት ነው። በ220 ቮልት 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ ሬዚስታንሱ 14 ኦም ገደማ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ጥዶ የመስመሩ ቮልቴጅ ወደ 180 ቢወርድ፣ ኃይሉ የሚወርደው በቮልቴጁ ካሬ ልክ ስለሆነ 2,350 ዋት አይሞላም። ከሙቀቱ ሲሶው ጠፋ ማለት ነው፤ ሲሶ ሙቀት የጎደለው እንጀራ ደግሞ ዓይኑን አይከፍትም።

ልጁ ምጣዱን ትክ ብሎ ተመለከተው። ከዚያ «ቆይ እማዬ» ብሎ ስልኩን አወጣና ምጣዱን ከነክዳኑ ፎቶ አንሥቶ ለግሩፑ ላከ። እናቱ ሁለተኛውን እንጀራ ሳያወጡ መልስ መጣ፦ «ጊቭኑ አይታይም፤ ጠጋ ብለህ አንሳው።»