ኤሌክትሮስታቲክ ስፒከር ለአዲስ አበባ ሳሎን ይሆናል? ክርክር

ሜሪላንድ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የኖሩ አንድ አባት ጡረታ ወጥተው አዲስ አበባ ወዳሠሩት ቤት ሊመለሱ ነው። የእንግሊዙ ኩባንያ ኳድ የሠራውን፣ ኢ.ኤስ.ኤል 63 የተባለውን ጥንድ ኤሌክትሮስታቲክ ስፒከር ይዘው ለመምጣት አስበዋል። አዲስ አበባ ውስጥ የድምፅ ዕቃ የሚጠግነው የእህታቸው ልጅ ደግሞ «አያምጡት» ባይ ነው። በየተራ እንዲህ ጽፈዋል።

ጋሼ፣ ከሜሪላንድ

ስፒከር ሲባል ለሁሉም ሰው የሚታየው ሳጥን ስለሆነ መጀመሪያ ስለ ዕቃው ልናገር። የእኔዎቹ ሳጥን የላቸውም። ወንፊት የመሰሉ ሁለት ሰሌዳዎች አሉ፤ በመካከላቸው ከፀጉር እጅግ የሳሳ የፕላስቲክ ገለፈት ተወጥሯል። ገለፈቱ ከ5,000 በላይ ቮልት ተሞልቶ ይቆያል። ሙዚቃው የሚመጣው በሁለቱ ሰሌዳዎች ላይ ነው፤ አንዱ ሲስብ ሌላው ይገፋል፣ ገለፈቱም ከዳር እስከ ዳር እኩል ይነቃነቃል። በተለመደው ስፒከር ግን ማግኔት ውስጥ ያለው ጥቅልል ሽቦ የሚገፋው የወረቀቱን መሐል ብቻ ነው። ዳሩ ዘግይቶ ይከተላል፤ እየተከተለም ይታጠፋል፣ የራሱን ንዝረት ያመጣል። ከኋላ ያለው ሳጥንም ዝም አይልም።

እኔን የማረከኝ በገና ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤቱ ጋበዘኝና «የአገርህን ሙዚቃ ይዘህ ና» አለኝ። ያለኝ የበገና ቅጂ ነበር፤ ዓመታት የሰማሁት፣ በቃሌ የማውቀው። በገና ድምፁን የሚያገኘው ከአሥሩ አውታር ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለህ። አውታሩ በርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ እንዝራ የምንለው። አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳውን ይነካል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይነካል፤ ያ የሚነዝረው ድምፅ ከዚያ ይወለዳል። በሳጥን ስፒከር ስሰማው የኖርኩት አንድ ድፍን ጉርምርምታ ነበር። በዚያ ምሽት ግን አውታሩና ቆዳው ለየብቻ ተሰሙኝ። ደርዳሪው ትንፋሽ ወስዶ ከመጀመሩ በፊት ጣቱ አውታሩን ሲደገፍ ሰማሁ። እንባ መጣብኝ። አባቴ በዐቢይ ጾም ማታ ማታ በገና ይደረድር ነበር፤ ከእርሱ ሞት በኋላ ያንን ድምፅ በዚያ ቅርበት የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ዕቃውን የነደፈው ፒተር ዎከር ነው። ስሙ ላይ ያለው 63 ሥራው የተጀመረበትን 1963 የሚያስታውስ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ ገበያ ላይ የዋለው በ1981 ነው። 18 ዓመት ለአንድ ስፒከር! ከዚያ በፊት፣ በ1957፣ ያወጣው የመጀመሪያው ሞዴል ድምፁ ድንቅ ሆኖ አንድ ችግር ነበረበት፤ ከወንበርህ ትንሽ ፈቀቅ ስትል ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል። ሰፊ ገለፈት ቀጭን ድምፅን እንደ ባትሪ መብራት ወደ ፊት ብቻ ስለሚወረውር ነው። ዎከር በ63 ላይ ሰሌዳውን እንደ ምጣድ ላይ እንጀራ ክብ በክብ ከፋፈለውና ድምፁ መጀመሪያ መሐሉ ላይ እንዲነሣ፣ ወደ ውጪዎቹ ክቦች ደግሞ በጥቂቱ እየዘገየ እንዲደርስ አደረገው። ኩሬ ውስጥ ድንጋይ ስትጥል ውኃው እንደሚሰፋው ማለት ነው። ስለዚህ ድምፁ ከገለፈቱ 30 ሳንቲ ሜትር ኋላ ካለች አንዲት ነጥብ የሚነሣ ይመስላል።

እንዲህ ያለ ዕቃ እዚህ ጥዬ ልምጣ?

የእህት ልጅ፣ ከአዲስ አበባ

ጋሼ፣ ስለ እንዝራው የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እውነት ነው። እኔም አንድ ደንበኛ ቤት ተመሳሳይ ስፒከር ሰምቼ ክራር መቺው ጣቱን ከአውታሩ የሚያነሣበት ቅጽበት ተለይቶኛል። ስለዚህ በድምፁ ማማር አልከራከርዎትም። የእኔ ክርክር ከቤቱ ይጀምራል።

ቤቱን እርስዎ በፎቶ ነው የሚያውቁት፤ እኔ መሠረቱ ሲቆፈር ጀምሮ ቆሜበታለሁ። የሳሎኑ ወለል ሴራሚክ፣ ጣሪያው ኮንክሪት፣ አንዱ ጎን እንዳለ መስታወት ነው። ሶፋው ሦስቱን ግድግዳ ተከትሎ ይደረደራል። የእርስዎ ስፒከር ደግሞ በፊቱ የሚያወጣውን ያህል በኋላውም ያወጣል። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ይሄዳል፤ ስፒከሩ ከግድግዳው በ50 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ የኋላው ድምፅ ደርሶ መልስ 1 ሜትር ተጉዞ ከ3 ሚሊሴኮንድ በኋላ ከፊተኛው ጋር ይቀላቀላል። ጆሮ ይህን ለይቶ እንደ ገደል ማሚቶ አይሰማውም፤ ድምፁ ራሱ የተበላሸ ይመስለዋል። ቢያንስ 1 ሜትር፣ ቢቻል ከዚያም በላይ መራቅ አለባቸው። ያኔ ሳሎኑ መሐል ሁለት መዝጊያ የሚያህል ነገር ቆመ ማለት ነው። እንግዳ መጥቶ ትሪ የያዘ ሰው በየት ይለፍ?

ቡናውንም ያስቡት። በዚያ ሳሎን በቀን ቢያንስ አንዴ ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ከሰል ይቀጣጠላል። 5,000 ቮልት የተሞላ ገለፈት አቧራና ጢስ ይጠራል። አቧራ መከላከያ ሽፋን እንዳለው አውቃለሁ፤ ሽፋኑ ግን ጢሱን ለሠላሳ ዓመት ሲያግድ አይኖርም።

ከበሮውስ? ጋሼ ስለ በገና ሲጽፉ ስለ ከበሮ አንድ ቃል አልተነፈሱም። የፊቱና የኋላው ድምፅ ተቃራኒ ስለሆኑ ወፍራሙ ድምፅ በስፒከሩ ጎን ዞሮ እርስ በርሱ ይሰራረዛል። በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ (50 ኸርዝ) ድምፅ አንድ ሞገዱ 7 ሜትር ገደማ ነው፤ ስፒከሩ ግን ወርዱ 1 ሜትር እንኳ አይሞላም፣ እንዴት አድርጎ ያግደዋል? ጥምቀት ላይ ከበሮ ሲመታ ደረትዎ ላይ የሚያርፈው ነገር በዚህ ስፒከር ደረት ላይ አያርፍም። ድምፁን ከፍ አድርገው ላካክሰው ቢሉ ደግሞ ገለፈቱ የሚወዛወዝበት ቦታ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ናት።

ጋሼ፣ ከሜሪላንድ

የሳሎኑን ነገር በግማሽ እቀበልሃለሁ፤ ግማሹን ግን ገልብጠህ ነው ያየኸው። ሴራሚክ ወለል፣ ኮንክሪት ጣሪያ፣ መስታወት ያልከው ለእኔ መከራከሪያ ነው። ሳጥን ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ወደየአቅጣጫው ይረጨዋል፤ ጎኑ ያለው መስታወት ይቀበልና ይመልሰዋል። የእኔዎቹ በጎናቸው በኩል ድምፃቸው ይጠፋል፤ ፊትና ኋላ ብቻ ነው የሚናገሩት። አንተው ያልከው መሰራረዝ ነው በጎን በኩል የሚያተርፈኝ! ወለሉና ጣሪያውም በዚያው መጠን ያርፋሉ። ከኋላቸው ወፍራም መጋረጃ ወይም መጽሐፍ የሞላው መደርደሪያ ካለ የሚያስተጋባ ክፍል ውስጥ ከብዙ ሳጥን ስፒከር የተሻለ ይሰማሉ። ይህን በራሴ ባዶ አፓርታማ አይቼዋለሁ፤ ምንጣፍ ሳልገዛ በፊት።

ስለ ከበሮ ዝም ያልኩት ሆን ብዬ አይደለም፤ ቅር አሰኝቶኝ ስለማያውቅ ነው። ከበሮ ጉልበት ብቻ አይደለም። መዳፍ ቆዳውን ሲነካ የሚሰማው ድምፅ አለ፤ ትልቁ አፍና ትንሹ አፍ ልዩነት አላቸው፤ ምቱ ካለቀ በኋላ ቆዳው ዝም የሚልበት ጊዜ አለ። ብዙ ትልልቅ ሳጥኖች ምቱን ይሰጡህና ዝምታውን ይነሡሃል፤ የሳጥኑ ጉምታ ከሚቀጥለው ምት ጋር ይቀላቀላል። እኔ ዝምታውን እመርጣለሁ። የሠርግ ድምፅ ለሚፈልግ ግን ይህን ስፒከር አልመክርም፤ በዚህ ልክ ነህ። ለሠርጉማ ድንኳንና የድንኳን ስፒከር አለ።

ቡናው ግን አሳስቦኛል። ሳሎን ውስጥ አላስቀምጣቸውም። ፎቅ ላይ ያለችውን ጓዳ የመስሚያ ክፍል አደርጋታለሁ።

የእህት ልጅ፣ ከአዲስ አበባ

ፎቅ ላይ ማውጣትዎ ጥሩ ነው፤ ግን አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። እስካሁን ያላነሣሁት ማንም ስለማያስበው ነው።

እርስዎ ያሉበት ከባሕር ጠለል 100 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። እንጀራ ጋጋሪዋም ሹፌሩም የሚያውቁት ነገር ነው፤ ውኃው ቀድሞ ይፈላል፣ ሞተሩ ይደክማል። ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ግን ሌላ ትርጉም አለው፤ የሳሳ አየር ኤሌክትሪክን አይችልም። በእንግሊዝ 5,000 ቮልት ችሎ የሚቆም ክፍተት እዚህ አቅሙ በሩብ ይቀንስበታል፣ በገለፈቱና በሰሌዳው መካከል ብልጭታ ይዘላል። ብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃ መመሪያው ላይ «እስከ 2,000 ሜትር» የሚል ተጽፎበት የሚመጣው በከንቱ አይደለም። ትራንስፎርመርም ማብሪያ ማጥፊያም ለደጋ ሲመረጥ አቅሙ ተቀንሶ ይሰላል። ከሌላው ስፒከር ሁሉ ተለይቶ አየርን እንደ መከለያ የሚጠቀም ስፒከር ቢኖር የእርስዎ ነው።

63ቱ ብልጭታ ሲሰማው ምልክቱን አሳጥሮ ራሱን የሚያድን ሰርክዩት እንዳለው አውቃለሁ። ጥሩ ነው፤ ግን እዚህ ያ ሰርክዩት በከበሮው ምት ሁሉ ቢነሣ ሙዚቃው ይቆራረጣል። ባይነሣ ደግሞ ገለፈቱ ይበሳል።

ሌላም አለ። ዕድሜያቸው ገፍቷል። የእነዚህ ስፒከሮች ሰሌዳ የተጣበቀበት ማጣበቂያ በዕድሜ ይለቃል፣ አቧራ መከላከያው ይረግብና ከቤዙ ጋር ይንጫጫል። ሜሪላንድ ሆነው ፓነል (ገለፈቱንና ሰሌዳዎቹን የያዘውን ክፍል) ማስለወጥ ይችላሉ። እዚህ ግን ፓነሉ ከእንግሊዝ ወይም ከጀርመን ተጭኖ ጉምሩክ ላይ ይጠበቃል፤ ሲደርስም ከፍቼ የምገጥመው እኔ ነኝ፣ በሕይወቴ አንድ ብቻ ከፍቼ የማውቀው። ያ የአንድ ደንበኛ ስፒከር ነበር፤ ሻጩ «አዲስ ነው» ብሎ አስረክቦት ፓነሉ በሁለተኛው ክረምት ተበሳ። ሦስት ሳምንት ለፋሁበት፤ መለዋወጫ አጥቼ ለባለቤቱ እንደነበረ መለስኩለት። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። የአጎቴን ዕቃ እንደዚያ መመለስ አልፈልግም።

ይልቅ ኤል.ኤስ 3/5ኤ ያምጡ። ቢቢሲ በ1970ዎቹ ከስቱዲዮ ውጪ ለሚቀዱ መኪናዎቹ የነደፈው ትንሽ ዝግ ሳጥን ነው። የሰው ድምፅ ላይ ማንም አይነቅፈውም። ከፍታም፣ የመብራት መዋዠቅም፣ ዕጣንም አያስፈራውም። የተለመደው ጥቅልል ሽቦና ማግኔት ስለሆነ ቢበላሽ ወዲያው እጠግነዋለሁ።

ጋሼ፣ ከሜሪላንድ

ከፍታውን በጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ሁለት ቀን ሳስበው ቆየሁ።

ኤል.ኤስ 3/5ኤ አውቀዋለሁ፤ የታረመ ድምፅ አለው። ነገር ግን በቤዝ ነገር እኔን ስትወቅስ ቆይተህ ወፍራሙ ድምፅ ከእኔውም በባሰ የሚጎድልበትን ትንሽ ሳጥን ማቅረብህ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። የበገናው ትልቁ አውታር እዚያ ውስጥ አይገባም። ሰብዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ጨምርበት ትለኝ ይሆናል፤ ያኔ አንዱን አውታር ሁለት ስፒከር ሊናገረው ነው።

ስለ አየሩ ያልከውን ግን በሒሳብ ልመልስልህ። የስፒከሩ ድምፅ የሚወሰነው በገለፈቱ ቮልቴጅ ልክ ነው። ያንን በ20 በመቶ ብናወርደው ድምፁ በ2 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ያህል ይቀንሳል፤ አንድ ሰው ብቻውን ማታ በገና ለሚሰማባት ትንሽ ክፍል ይህ ምንም አይደለም። አምፕሊፋየሩም ከሚገባው በላይ እንዳይልክ መገደብ ይቻላል። ከመጫናቸው በፊት እዚሁ ያለ ባለሙያ ቮልቴጁን ዝቅ ያደርግልኛል፤ ያረጁትን ፓነሎችም ያስለውጥልኛል፤ ሁለት ወር በዚያው እሰማቸዋለሁ። ሁለት መለዋወጫ ፓነል በሻንጣዬ ይዤ እመጣለሁ። መብራት ሲዋዥቅ የሚከላከል ስታብላይዘር አንተ ትገዛለህ፤ የሚወስዱት ኃይል ጥቂት ዋት ብቻ ስለሆነ ትንሹ ይበቃል።

መጠገኑን ደግሞ አትፍራው። አብረን እንከፍተዋለን። ለአንተ ማስተማር የምፈልገውም እሱን ነው።

የጓዳዋን ቁመትና ወርድ ለክተህ ላክልኝ።

የእህት ልጅ፣ ከአዲስ አበባ

ለካሁት። 4 ሜትር ከ20 በ3 ሜትር ከ60 ነው፤ ጣሪያው 2 ሜትር ከ80። መስኮቱ በምሥራቅ በኩል ነው፤ ስለዚህ ስፒከሮቹን ምዕራቡን ግድግዳ ተደግፎ ከሚቆመው መደርደሪያ በ1 ሜትር ከ20 አርቄ ምልክት አድርጌያለሁ። ወንበርዎ ከእነሱ 2 ሜትር ሲርቅ ከጀርባዎ 1 ሜትር ይቀራል። ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ለሁለት ይጠባል።

20 በመቶ ያሉት ግን አይበቃም። ግፊቱ በሩብ ከቀነሰ እርስዎም በሩብ ይቀንሱ፤ 2.5 ዴሲቤል ያጣሉ። የሙዚቃው ቮልቴጅ በላዩ እንደሚደመርም አይርሱ፤ የአምፕሊፋየሩን ገደብ በዚያው ልክ ያውርዱ። ይህን ሳያደርጉ የጭነት ሳጥኑን እንዳያሽጉት።

አሁንም «አያምጡት» ነው የምለው።