እርማት፦ ገጹን መከተል ዜናውን ሁሉ አያደርስም

«የዜና ተቋሙን የፌስቡክ ገጽ ስለምከተል የሚያመልጠኝ ዜና የለም» የሚለው አስተያየት ትክክል አይደለም። የፌስቡክ መነሻ ገጽ የሚደረደረው በሰዓት ሳይሆን በአልጎሪዝም (ልጥፎችን መርጦ በሚያስቀድም የኮምፒውተር ስሌት) ግምት ነው፤ ላይክና አስተያየት ያገኛል ብሎ የገመተውን ያስቀድማል። ስለዚህ የሦስት ቀን ዜና ከዛሬው ቀድሞ ሊመጣ፣ ደረቅ ግን አስፈላጊ መግለጫ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። የቆየ የአደጋ ዜና እንደ አዲስ የሚዛመተውም አንዱ በዚህ ምክንያት ነው፤ እባክዎ ከማጋራትዎ በፊት ከገጹ ስም ሥር ያለውን ቀን ይመልከቱ።

ገጹን በፌስቡክ «ተወዳጆች» (Favorites) ዝርዝር ውስጥ ቢያስገቡት ቅድሚያ ያገኛል፤ እስከ 30 ሰዎችና ገጾች ይፈቀዳል። የቴሌግራም ቻናል ሁሉንም በቅደም ተከተል ያሳያል፤ እዚያ የሚያስቸግረው በተመሳሳይ ስምና አርማ የሚከፈተው አስመሳይ ቻናል ነው። ሊንኩን ከተቋሙ ድረ ገጽ ይውሰዱ እንጂ በስም ፈልገው አይግቡ።