አንደኛ ዕጣ የወሰደው ማነው?

መነሻ ጥያቄ፦ በካናዳዋ ካልጋሪ ዳውንታውን (መሀል ከተማ) የሚሠራው አዲሱ የበረዶ ሆኪ አሬናና የዝግጅት ማዕከል፣ ስኮሺያ ፕሌስ፣ ጁላይ 2024 ቁፋሮው ተጀምሮ በ2027 መጸው ሊከፈት ታቅዷል። ግንባታው እንዲህ መፍጠኑ እኛን የከተማዋን ኢትዮጵያውያን ደስ ሊያሰኘን ይገባል? (ዓመቶቹ በካናዳ አቆጣጠር፣ ገንዘቡም በካናዳ ዶላር ነው።)

ባለታክሲው

ማታ ማታ በ12ኛ ጎዳና በኩል ሳልፍ፣ ተሳፋሪ ካልያዝኩ፣ ፍጥነቴን ቀንሼ አየዋለሁ። መጀመሪያ ጉድጓድ ብቻ ነበር። የበረዶ ሜዳው ከመንገዱ በታች ስለሚቀመጥ ገልባጭ መኪናው አፈር ሲያግዝ ከረመ። ከዚያ ኮንክሪቱ መጣ፣ ከዚያ ብረቱ። ያለቀ ሕንፃ ብዙ አይቻለሁ፤ በጀመረበት ፍጥነት የሚቀጥል ግንባታ ግን ቆሜ እንዳይ ያደርገኛል።

ከየት እንደመጣሁ አልረሳሁማ። አዲስ አበባ ላይ 62 ሺህ ሰው ይይዛል የተባለው አደይ አበባ ስታዲየም ከተጀመረ አሥር ዓመት ገደማ ሆነው። እሱ ሲጠበቅ ብሔራዊ ቡድናችን የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ሲጫወት ኖረ። በ2022 ግብፅን 2 ለ 0 የረታነው እንኳ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ባለሜዳ ተብለን፣ በሰው ሜዳ።

ኮርቻው (አሮጌውን አሬና፣ ሳድልዶምን፣ እኔ የምጠራው እንዲህ ነው፤ ጣሪያው ቁርጥ የፈረስ ኮርቻ ነው) በ1983 ተከፈተ። የ1988ቱን የክረምት ኦሎምፒክ አስተናግዷል፤ በ2013ቱ ጎርፍ የታችኞቹ መቀመጫዎች ውኃ ውስጥ ገብተው እንደገና ተነሥቷል። ውለታው አለብን። ግን አርጅቷል። ያ የሚያምር ጣሪያም የዛሬ ዘፋኞች የሚሰቅሉትን የመብራትና የድምፅ ዕቃ ክብደት አይችልም። ስለዚህ ትልልቆቹ ኮንሰርቶች እኛን ዘለው ኤድመንተን ይሄዳሉ፤ የእኔም ተሳፋሪ አብሮ ይሄዳል።

ብክነት ነው የሚሉ አሉ። ገንዘቡ ከኪሳችን አልወጣም። ሆኪ ክለቡ ፍሌምስ ይከፍላል፣ የክፍለ ሀገሩ የአልበርታ መንግሥት ይከፍላል፣ ከተማዋም ካጠራቀመችው ታወጣለች። በዚህ ምክንያት ግብር እንደማይጨምር ተነግሮናል። እስቲ አንዴ እንኳ ሥራ ሲሠራ ሳናጉረመርም ደስ ይበለን።

ሒሳብ ሠራተኛዋ

ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው የምጽፈው። ክሬኑን እኔም ከቢሮዬ መስኮት አየዋለሁ፤ ቆንጆ ነው። "ከኪሳችን አልወጣም" የምትለዋን ግን ሁለቴ አነበብኳት። ከማን ኪስ ወጣ ታዲያ?

ከተማዋ "ያጠራቀመችው" ከሰማይ የወረደ መና አይደለም። እኔ ለቤቴ የምከፍለው ግብር ነው፤ እርስዎ ለታክሲዎ ፈቃድ የሚከፍሉት ነው። የአልበርታ መንግሥትም ያው ከእኛው ሰብስቦ ነው። በግራ ኪሴ ገብተው ሲያበቁ ቀኝ ኪስሽን አልነካንም ቢሉኝ ምን ይጠቅመኛል?

በ2023 የጸደቀው ውል ጠቅላላው 1.22 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ ከዚህ ውስጥ አሬናው አብረውት ከሚሠሩት ጋር 926 ሚሊዮን። ከተማዋ 537 ሚሊዮን፣ የአልበርታ መንግሥት እስከ 330 ሚሊዮን። ሆኪ ክለቡ መጀመሪያ ላይ የሚያወጣው 40 ሚሊዮን ነው። የቀረውን በዓመት 17 ሚሊዮን፣ በየዓመቱ አንድ በመቶ እየጨመረ፣ በ35 ዓመት ይከፍላል። በእኛው በእቁብ ላስረዳዎት፦ ክለቡ አንደኛ ዕጣ ወሰደ። እኛ ጥለን ጨርሰናል፤ እሱ ገና 35 ዓመት ይጥላል። አሬናውን የሚያስተዳድረውና ገቢውን የሚሰበስበውም እሱ ነው። እንዲህ የሚፈርድ የእቁብ ዳኛ የት አገር ነው ያለው?

ደግሞ በ2019 የተፈረመው የመጀመሪያው ውል 550 ሚሊዮን ነበር፤ ግማሽ በግማሽ። በ2021 መጨረሻ የፈረሰው ለእግረኛ መንገድና ለፀሐይ ኃይል በተጠየቀ ጥቂት ሚሊዮን ተጨቃጭቀው ነው። የአልበርታ ምርጫ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው ተመልሶ ሲመጣ ዋጋው እዚህ ደርሷል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል የእኛ ሰዎች።

ፍጥነቱን አንሥተዋልና፦ ጁን 5 ቀን 2024 የከተማዋ ዋና የውኃ ቧንቧ ፈንድቶ ገላችሁን ቶሎ ታጠቡ፣ ልብስ አታጥቡ ተባልን። ሰባት ሳምንት ሳይሞላ፣ ጁላይ 22፣ የአሬናው የመጀመሪያ አፈር በጭብጨባ ተቆፈረ። ለማን? በዚህ ከተማ ሆኪ የሚያይ አበሻ እኔ አይቼ አላውቅም። የሰው ወርቅ አያደምቅ፣ ጋሼ።

ባለታክሲው

እህቴ፣ "ሆኪ የሚያይ አበሻ አይቼ አላውቅም" ብለሽ በስንት ሺህ ሰው ስም ፈረምሽ። ማን ወከለሽ? እኔን አላየሽኝማ።

በ2004 ፍሌምስ ለስታንሊ ዋንጫ፣ ለትልቁ የሆኪ ዋንጫ፣ ፍጻሜ ሲደርስ በዚህች ከተማ ታክሲ እነዳ ነበር። 17ኛ ጎዳና ላይ መኪና ማለፍ አይችልም ነበር፤ ቀይ የለበሰ ሕዝብ ብቻ። በሰባተኛው ጨዋታ በታምፓ ቤይ የተረታን ማታ አንድ ትልቅ ሰው ኋላ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እኔም መስተዋቱን ወደ ላይ አዞርኩት፣ ዓይኔን እንዳያይብኝ። የልጅ ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ በረዶ ላይ ነው። ከአሬናው ጎን 1 ሺህ መቀመጫ ያለው የሕዝብ የበረዶ ሜዳ አብሮ ይሠራል። እሱስ ለማን ይመስልሻል? ለሰው ወርቅ ነው? ልጁ እዚህ ተወልዷል፤ ወርቁ የራሱ ነው።

እቁብሽን ወድጄዋለሁ፤ ግን ግማሹን ነው የነገርሽን። አንደኛ ዕጣ የሚወስድ ሰው ዋስ ይጠራል። ክለቡ ለ35 ዓመት ከካልጋሪ እንደማይወጣ ፈርሟል፤ ዋስ ማለት ይኸው ነው። የሚጥለው ሲደመር ከ700 ሚሊዮን ያልፋል፤ ማሽንሽን አውጪና ደምሪው። ሕንፃው ደግሞ የከተማዋ ነው። የቧንቧው ነገር... ቧንቧና አሬና በአንድ መዝገብ እንደማይያዙ ከሒሳብ ሠራተኛ እሰማለሁ ብዬ ነበር።

ዳውንታውን ከሦስት ቢሮ አንዱ ገደማ ባዶ የነበረበትን ጊዜ አብረን አይተናል። ሠራተኛው ከሥራ ሲወጣ ከተማው ይሞታል። እኔ ማታ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ያንን ጨለማ ከመስኮት አላየሁትም፣ ነዳሁበት እንጂ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ

ደመርኩት። 40ውን ጨምሬ 748 ሚሊዮን መጣልኝ፤ ልክ ነዎት። ልክ የሚሆኑት ግን በ2062 አንድ ስኒ ቡና ዛሬ በሚሸጥበት ዋጋ ከተሸጠ ነው። ያንኑ የክለቡን ድርሻ የውሉ ሒሳብ የያዘው 356 ሚሊዮን ብሎ ነው። ለምን ይመስልዎታል? የ35 ዓመት ገንዘብ የዛሬ ገንዘብ ስላልሆነ ነዋ። በመጨረሻው ዓመት የሚጥለው 24 ሚሊዮን አይሞላም። በሬ ወስዶ በጫጩት መክፈል ነው። እና ጋሼ፣ ከኪሳችን ካልወጣ መሐል ያለውን ልዩነት የሚሞላው ማነው? እስካሁን አልመለሱልኝም።

ሆኪውን ተሳስቻለሁ። እርስዎን አላውቅም ነበር፤ የልጅ ልጅዎን ያሳድግልዎ። ግን ልጠይቅዎት፦ በዚያ በ2004ቱ ታሪክ ውስጥ እርስዎ የት ነበሩ? መሪው ላይ። በዚህ ሁሉ ዓመት ኮርቻው ውስጥ፣ በገዛ ገንዘብዎ ቲኬት ገዝተው፣ ስንት ማታ ተቀመጡ? እኔ የማውቃቸው አበሾች ሳድልዶም የሚገቡት በጓሮ በር፣ የጽዳት ወይም የኩሽና ባጅ አንጠልጥለው ነው። አዲሱም ሲከፈት እንደዚያው ይገባሉ።

ግሪን ላይን የሚባለው ባቡር በ2024 ሊቀር ደርሶ ነበር፤ አጥሮ ተረፈ። ሰሜኑ ሰፈር ዛሬም ባቡር ይጠብቃል። የአሬናውን ገንዘብ ግን ይጠር ያለ አልነበረም።

ለፍሌምስ ከ1983 ወዲህ ሁለተኛ ቤት እየተሠራለት ነው። እኛስ? ሠርጋችን በሆቴል፣ ለቅሷችን በተከራየነው ምድር ቤት፣ እንቁጣጣሻችን በትምህርት ቤት ጂም፤ ያውም በአራት ሰዓት ውጡ እየተባልን። ለማኅበረሰቡ አዳራሽ እንገዛለን ብሎ ገንዘብ የሰበሰበ አንድ ኮሚቴ ነበር። በዚያ ኮሚቴ ውስጥ እነማን ነበሩ፣ ጋሼ?

ባለታክሲው

ወይዘሮ፣ ከዚህ በኋላ "እርስዎ" ብዬ ብጠራዎት ይሻላል። እህቴ ያልኩት በቅርበት ነበር።

የተጠየቅነው ስለ አሬናው ነው። እዚህ ስንደርስ ስለ እኔ ሆነ። ይሁን። አዎ፣ ኮሚቴው ውስጥ ነበርኩ። ገንዘቡ በሦስት ፊርማ ባንክ ተቀምጧል፤ አንድ ሳንቲም አልጎደለም። አዳራሹ ለምን እንዳልተገዛ ማወቅ ይፈልጋሉ? ግማሹ ሰሜን ምሥራቅ ይሁን አለ፣ ግማሹ ፎረስት ላውን፣ ምግብ ቤቶቻችን ያሉበት፣ አለ። በር ላይ የቱ ባንዲራ ይሰቀል በሚል ሁለት ስብሰባ አለቀ። ገና ያልገዛነው በር! አንዳንዱ አዋጣለሁ ብሎ ስሙን አስጽፎ ስልኩን አላነሣም አለ። አምስት ጊዜ ጠራን። በአምስተኛው ስምንት ሰው መጣ፤ ከስምንቱ ሦስቱ እኛው ነን። ብስኩቱን ቤት ወሰድነው። እርስዎን በአንዱም አላየሁዎትም።

ከተማዋና ክለቡ በ2021 ተኳርፈው ተለያዩ፤ ውላቸው ፈረሰ። ከዚያ እንደገና ተቀምጠው ጨረሱት፤ ይኸው ብረቱ ቆሟል። በ12ኛ ጎዳና ፍጥነቴን የምቀንሰው ለኮንሰርቱ ብዬ ብቻ መሰለዎት? ቀናሁ። ተጣልቶ የሚጨርስ ሰው ያስቀናኛል። የጓሮ በር ያሉትን ደግሞ አልረሳውም፤ ባለቤቴ 11 ዓመት በዚያ በር ገብታለች፤ አላፈረችበትም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ

ባለቤትዎን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የሚያሳፍረው ባጁን ያንጠለጠለው ሳይሆን ደመወዙን የቆረጠው ነው ለማለት ነበር፣ ቸኮልኩ።

ስብሰባውን በተመለከተ አራስ ነበርኩ። 200 ዶላር ግን በባለቤቴ እጅ ልኬአለሁ፤ ደረሰኙ አለኝ። ስለዚህ ይህኛው ገንዘብ ከኪሴ ወጥቷል፤ በዚህ እንኳ እንደማይከራከሩኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ሦስት ፊርማ ጥሩ ነው። ወለድ ይታሰብበታል? የመጨረሻው ሪፖርት የስንት ዓመተ ምሕረት ነው?

ተጣልተው ታረቁ ያሏቸውን ደግሞ ያስታረቃቸው 330 ሚሊዮን ነው። ያንን የሚያህል ሽማግሌ ለእኛም ቢላክ በባንዲራውም በሰፈሩም በአንድ ከሰዓት እንታረቅ ነበር።

ባለታክሲው

የመጨረሻው ሪፖርት የ2019 ነው። ከኮቪድ ወዲህ የጠየቀ ሰው የለም፤ የመጀመሪያዋ እርስዎ ነዎት። ወለዱን እኔም አላውቀውም።

በሚቀጥለው እሑድ ከሰዓት የባንኩን ወረቀት ይዤ እመጣለሁ። እርስዎም ደረሰኝዎንና ማሽንዎን ይዘው ይምጡ። ከፈራሚዎቹ አንዱ ቶሮንቶ ተዛውሯል፤ በስልክ እናስገባዋለን። ቦታውን ፎረስት ላውን ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ ላድርገው? ሰሜን ምሥራቅ ይሁን ካሉም ይንገሩኝ፤ በዚህ አልጣላም። ከአሥራ አንድ ሰዓት በላይ ግን አልቆይም። ማታ ጨዋታ አለ፣ ኮርቻው በር ላይ ተራ መያዝ አለብኝ።