ጭረት መስሎት አጠፋት

«ጋሼ፣ ጥጉ ላይ አንድ ጭረት ነገር ነበረች፤ በነፃ አጽድቼልሃለሁ» አለኝ የማተሚያ ቤቱ ልጅ። ፈገግታው ቲፕ የሚጠብቅ ነው።

ጭረት ያላት የፊልም ፖስተሩን የሣለው የሪቻርድ አምሰል ፊርማ ናት።

እስቲ ፍረዱኝ። ሜሪላንድ ያለው የአክስቴ ልጅ «ሬይደርስ ኦፍ ዘ ሎስት አርክ» በ1981 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የተለጠፈውን ፖስተር ከአንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ገዝቶ፣ በጥራት ስካን አስደርጎ ላከልኝ። (አዎ፣ ታቦቱን ፍለጋ ግብፅ በረሃ የሚቆፍሩበት ፊልም። አክሱም ሄደው ቢጠይቁ ጠባቂው መነኩሴ በአሥር ደቂቃ ይመልሳቸው ነበር። ብቻ ይሁን።) ፋይሉን በፍላሽ ይዤ ሄድኩ፤ በዋናው ልክ፣ በ27 በ41 ኢንች አትሙልኝ አልኩ፤ ቀብድ ከፈልኩ፤ «ነገ ና» ስባል ሁለት ሳምንት ተመላለስኩ። መጨረሻ ላይ ያገኘሁት ይኸውላችሁ፣ ታጥቦ የተተኮሰ ፖስተር።

ፊርማዋ ብቻ ብትሆን ምናልባት እችለው ነበር። የእጥፋቱን መስመሮችም አጥፍቶልኛል! እነዚያ መስመሮች እኮ የወረቀቱ ዕድሜ ናቸው። ያኔ አሜሪካ ውስጥ ፖስተር የሚያከፋፍለው ናሽናል ስክሪን ሰርቪስ የሚባል ድርጅት ነበር፤ አጣጥፎ ለሲኒማ ቤቶች ይልካል፣ ፊልሙ ከወረደ በኋላ ደግሞ መልሱልኝ ይላል። ሲኒማ ቤቱ ተከራይ እንጂ ባለቤት አልነበረም። የዛሬ ሰብሳቢ እጥፋት የሌለበት የ1950ዎቹ ፖስተር ሲያይ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ለዚህ ነው። የእኔው ሊቅ ግን አለሰለሰው። ብርሃንም ጨምሮበታል፤ የዋናው ተዋናይ ባርኔጣ የፕላስቲክ መስሏል።

ልመለስ ወደ ፊርማዋ፤ ያንገበገበችኝ እሷ ናት።

የፊልም ፖስተር ግርጌ ላይ ያሉትን ቀጫጭን ፊደላት አይታችኋል? ፕሮዲውሰር አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ ኤዲተር አለ፣ የልብስ ዲዛይነር አለ። የማን ስም ይቅደም፣ የማን ፊደል ይተልቅ ተብሎ በጠበቃ ውል ይታሰርበታል። ፖስተሩን የሳለው ሰው ግን እዚያ ውስጥ የለም። ፊልሙ መጨረሻ ላይ ስም ሲዘረዘርም ብዙውን ጊዜ አታገኙትም፤ ቡና ያቀረበው ሁሉ ተጠርቶ እሱ ይዘለላል። የቀረችው ሥዕሉ ጥግ ላይ ራሱ የሚጭራት ፊርማ ናት። እሷን ነው እንግዲህ በአንድ ክሊክ «ያጸዳልኝ»።

አምሰል ማን መሰላችሁ? ፊላዴልፊያ ሥነ ጥበብ እየተማረ ሳለ በውድድር አሸንፎ የ1969ኙን የ«ሄሎ፣ ዶሊ!» ፖስተር የሠራ ልጅ ነው። ተማሪ ሆኖ! ከዚያ በኋላ ሆሊውድ ሲፈልገው ኖረ፤ በ1985 ግን በኤድስ ሞተ። ገና 37 ዓመቱ ነበር።

እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ። የ«ጆውስ»ን ሻርክ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ አፏን ከፍታ ከሥር ወደ ዋናተኛዋ የምትወጣው። ሠዓሊው ሮጀር ካስቴል ይባላል። መጀመሪያ የሣላት ለመጽሐፍ ሽፋን ነበር፤ ፊልሙ በ1975 ሲወጣ ያንኑ ፖስተር አደረጉት። ያቺ የዘይት ቀለም ሥዕል ጠፍታ ቀረች። ወሰዷት፣ አልመለሷትም፣ አለቀ። ዓለም ሁሉ ቲሸርት ላይ አትሞ ይለብሳታል፣ የእጅ ሥራዋ ግን የገባችበት አይታወቅም።

ሌላው የፖስተር ሠዓሊ ድሩ ስትሩዛንስ? በ1982 ለ«ዘ ቲንግ» ፖስተር ለነገ ድረስልን ተብሎ ተደወለለት። የፊልሙን አንድ ፎቶ እንኳ አልሰጡትም። ካፖርቱን ለብሶ ራሱ ቆመ፣ ሚስቱ ፎቶ አነሳችው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሣለ፤ ጠዋት መልእክተኛው ሲወስደው ቀለሙ ገና አልደረቀም። የእኔው ማተሚያ ቤት ፋይል ከፍቶ «ፕሪንት» ለማለት ሁለት ሳምንት ፈጀበት።

ዛሬማ ሠዓሊ ምን ያደርጋል? ፎቶሾፕ መጣ፤ ፊት ቆርጦ ፊት ላይ መደርደር ሆነ። የእኛዎቹን የአማርኛ ፊልሞች ፖስተር ተመልከቱ። አምስት ፊት በሰልፍ፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዱ ክንዱን አጣምሯል፣ ከኋላ መብረቅ። ድራማ ይሁን ኮሜዲ የሚለየው በፊደሉ ቀለም ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው የፊልም መተግበሪያ ደግሞ የቆየውን ፖስተር አውጥቶ የተዋናዩን አፍንጫ በቅርበት ያስቀምጥላችኋል፣ ሳምንት ቆይቶ በሌላ አፍንጫ ይለውጠዋል።

የድሮ የፀጉር ቤት ታፔላ የሚሥሉት የሰፈራችን ሠዓሊዎች ለካ ብልጦች ነበሩ። ጭንቅላቱን ጠማማ አድርገውም ቢሥሉት፣ ከሥሩ ስማቸውንና ስልክ ቁጥራቸውን በደማቁ ይጽፉ ነበር። እሱን ማን ጭረት ይለዋል?

ለማንኛውም ተመልሼ ሄድኩ። ረጋ ብዬ ነው ያስረዳሁት፤ ይህ ቆሻሻ አይደለም፣ የሠዓሊው ስም ነው፣ ልጄ፣ መልስልኝ አልኩት። ከልቡ አዘነልኝ፤ ክፉ ልጅ አይደለም። ኦሪጅናሉን ፋይል እንዳያወጣው ለካ ያው ፍላሽ ላይ ደርቦ ሴቭ አድርጎበታል። ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ።

«ችግር የለም ጋሼ፣ ስሙን ጻፍልኝና አስገባዋለሁ። የትኛው ፎንት ይሁን?»

ፊርማ የማያጸዳ ማተሚያ ቤት የምታውቁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። የአክስቴን ልጅ ፋይሉን ድጋሚ ላክልኝ ማለት አፍሬያለሁ፤ እስኪ እንደምንም እጠይቀዋለሁ።