«ጣልቃ አትገባም» የሚሉት ነገር አልዋጥልህ አለኝ

ሰሞኑን ባሕር ዳር አንድ ቡና ቤት ቁጭ ብዬ ቴሌቪዥን አያለሁ። ስለ አፍሪካ ቀንድ ሰላም የሚያወራ አንድ ተንታኝ፣ ቻይና በማንም ጉዳይ ጣልቃ አትገባም፣ መንገድ ነው የምትሠራው፣ ለቀጣናው ሰላም ከእሷ የተሻለ ወዳጅ የለም አለ። አጠገቤ የነበረው የጭነት መኪና ሹፌር ስኒውን አስቀመጠ። «መንገዱማ አለ፤ ማን ይሂድበት?» መንገድ ተዘግቶ ከደብረ ማርቆስ እዚህ ለመድረስ አራት ቀን ፈጅቶበታል።

ከተንታኙ ንግግር ሁሉ ውሃ የማይቋጥረው ይሄ «ጣልቃ አትገባም» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ በ2015 ወደ ደቡብ ሱዳን 700 እግረኛ ወታደር በሰላም አስከባሪነት የላከችው ማን ናት? የነዳጅ ኩባንያዋ እዚያ ገንዘቡን አፍስሷል። ጦርነቱ ነዳጁ ዘንድ ሲደርስ ወታደሩም ልዑኩም መጣ፤ ተፋላሚዎቹን ማነጋገርም ተጀመረ። በ2017 ከአገሯ ውጭ የመጀመሪያዋን የጦር ሰፈር የከፈተችው የት ነው? እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ጅቡቲ። በ2024 ቤጂንግ ላይ በተደረገው የቻይና አፍሪካ ጉባኤስ? ለአህጉሩ 1 ቢሊዮን ዩዋን ወታደራዊ እርዳታ ለመስጠት፣ 6,000 ወታደርና 1,000 ፖሊስ ለማሠልጠን ቃል ገባች። ይሄ ጣልቃ መግባት ካልሆነ ስሙ ማን ሊሆን ነው?

እኛ አገር ሁለት ጎረቤት ዱላ ሲማዘዝ ሽማግሌ የሚባለው መሀል የገባው ሰው ነው። አጥር ተደግፎ ያየው ሽማግሌ አይባልም። ዱላ አቀብሎ ያየውማ ጭራሽ።

አልችልም እንዳትል ትችላለች። በመጋቢት 2023 ሳዑዲ አረቢያንና ኢራንን ቤጂንግ ላይ ያስታረቀች አገር ናት። ለእኛም ለአፍሪካ ቀንድ በ2022 ልዩ መልእክተኛ ሾማ ነበር፤ ሹዌ ቢንግን። ሰውዬው በሰኔ አዲስ አበባ ላይ የሰላም ጉባኤ ተቀመጠ፣ ለማሸማገል ዝግጁ ነኝም አለ። በኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ማቆሚያ ስምምነት ፕሪቶሪያ ላይ ሲፈረም ግን መሀል የነበሩት የአፍሪካ ኅብረት አሸማጋዮች ኦባሳንጆ፣ ኬንያታና ፉምዚሌ ምላምቦ ንጉካ ናቸው። ሱዳን በሚያዝያ 2023 ስትነድም ተፋላሚዎቹን ጅዳ ላይ ያስቀመጡት ሳዑዲና አሜሪካ ናቸው። ካርቱም የማን ነዳጅ ኩባንያ ለዓመታት እንደሠራባት የማያውቅ የለም። ታዲያ ቻይና የት ነበረች?

የዓባይ ድልድያችንን ልክዳት አልፈልግም። 380 ሜትር ነው፣ በ2024 ተመረቀ፤ ገንዘቡ የእኛ፣ ተቋራጩ የቻይና። ሥራው ያምራል። አመሻሽ ላይ ሄዳችሁ ቁሙበት። መብራቱ ቦግ ብሎ በርቷል፣ አስፋልቱ ሰፊ ነው፣ መኪናው ግን አንድ ሁለት ብሎ ይቆጠራል። ሰው በጊዜ ቤቱ ገብቷል። መንገድ ሰላምን የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ ይህ ድልድይ እኩለ ሌሊትም በመኪና ይጨናነቅ ነበር። ገበሬው ማዳበሪያ ለማግኘት ሰኔን ሙሉ መንገድ መንገድ ባላየ፣ የደጀን ጤፍም መጋዘን ውስጥ ባልተቀመጠ ነበር። ሰላም ነው መንገዱን መንገድ የሚያደርገው። ይህን ለማወቅ ተንታኝ መሆን አያስፈልግም፤ ጎጃም ውስጥ አንድ ወር መኖር ይበቃል።

ሹፌሩ ሂሳቡን ከፍሎ ተነሳ። «ዛሬ ክፍት ነው ብለውኛል» አለና ወደ መኪናው ሄደ።