ይድረስ ጌሙን ሳይጫወት ለሚፈርደው ወንድሜ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ካንተ ኮመንት በስተቀር ምንም አላመመኝም።

ባለፈው አንድ ጌም ጨርሼ ሁለት መስመር ለጠፍኩ፣ "ታሪኩ አሪፍ ነው መሀል ላይ ግን ይንዛዛል" ብዬ፣ በቃ ይቺው ናት። ስልኬን ቻርጅ ሰክቼ ስመለስ 43 መልስ፣ 31ዱ ያንተ። መጀመሪያ ተከፍሎህ ነው አልክ፣ ቀጥሎ ጌም አይገባህም አልክ፣ መጨረሻ ላይ ያደግኩበትን ኮንሶል ሰደብክ (እሱ ደሞ ምን አደረገህ?)። ነገሩ ከነከነኝና ስቲም (የፒሲ ጌም መሸጫው) ላይ ስለዚሁ ጌም የጻፍከውን ሪቪው ፈልጌ አገኘሁት። አቤት ርዝመቱ! "ሽማግሌውን ያለምክንያት ገድለው ሲሪሱን ቀበሩት" ትላለህ። ጎኑ ላይ ግን ስቲም የተጫወትክበትን ጊዜ ጽፎታል፣ 0.2 ሰዓት። 12 ደቂቃ ማለት እኮ ነው! በ12 ደቂቃ እኔ ገና የካራክተሬን አፍንጫ እያስተካከልኩ ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚሉት ይሄን ነው።

ግን አልንቅህም፣ ታሪክ የሠራህ ሰው ነህ። በ2020 ዘ ላስት ኦፍ አስ ፓርት 2 በወጣ ቀን፣ ለመጨረስ ከ20 ሰዓት በላይ የሚፈጀውን ጌም ቁርስ ሳይበርድ ሜታክሪቲክ (የጌም ነጥቦችን የሚሰበስበው ዌብሳይት) ላይ ዜሮ በዜሮ አደረግከው፣ ሜታክሪቲክም ከሳምንታት በኋላ ተጠቃሚ ነጥብ ለመስጠት ጌሙ ከወጣ 36 ሰዓት ይጠብቅ ብሎ ደነገገ። ሕግ አስወጣህ እኮ! 36 ሰዓቱን ለጥ ብለህ ተኝተህ ጌሙን ሳትነካ መመለስህን ማን ይነግራቸዋል።

ስትወድ ደግሞ ትብሳለህ። በ2017 ለዜልዳ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ አንድ ተቺ ከ10 7 ሰጥቶ የሜታክሪቲክ አማካዩ (ከ100) ከ98 ወደ 97 ወረደ ተብሎ የሆነውን ረሳኸው? የተቺው ዌብሳይት በጥቃት ወደቀ። 7 እኮ ጥሩ ነው ማለት ነው የኔ ጌታ። ባንተ ሒሳብ ከ1 እስከ 6 ያሉት ቁጥሮች ለጌጥ የተቀመጡ ናቸው መሰለኝ።

ጩኸት አይሠራም እያልኩህ አይደለም ደሞ። በ2024 ሶኒ ሄልዳይቨርስ 2ን በፒሲ የሚጫወቱትን የፒኤስኤን (የፕሌይስቴሽን ኦንላይን አገልግሎት) አካውንት ካላገናኛችሁ ሲል በጥቂት ቀን ከ200,000 በላይ አሉታዊ ሪቪው ወረደበትና ሐሳቡን ቀየረ። ልዩነቱ እነዛ ሰዎች ጌሙ ውስጥ ሲዋጉ የከረሙ ናቸው፣ የጮኹትም ለደረሰባቸው ነገር ነው።

አንተ የምትጮኸው ከፍለህ ከጨረስክ በኋላ ነው። በ2006 ቤተስዳ ኦብሊቪየን ለተባለው ጌሙ ጌም ውስጥ ያለው ፈረስ የሚለብሰውን ጥሩር በ2.50 ዶላር ሲሸጥ በሳቅ ፈነዳህ፣ ከዛ ገዛህ። ሳይበርፐንክ 2077 ሳይወጣ በፊት ለተቺዎች የተሰጠው የፒሲው ብቻ ነበር፣ የኮንሶሉን ማንም ሳያየው አንተ ከ8 ሚሊዮን ፕሪኦርደር አድራጊዎች (ሳይወጣ ቀድመው ከሚገዙት) አንዱ ሆነህ ተሰለፍክ፣ በወጣ በሳምንቱ ሶኒ ከስቶሩ አነሳው፣ አንተም ዳግመኛ ፕሪኦርደር ባደርግ ብለህ ማልክ ተገዘትክ። መሐላህ የቆየው እስከሚቀጥለው ትሬይለር ነው። ትናንት የዴሉክስ ኤዲሽኑን ደረሰኝ ስክሪንሹት አንስተህ ለጥፈህ አየሁህ፣ እሱው ላይ "ኢንደስትሪው በስግብግብነት ሞቷል" ብለህ ጽፈሃል። ጌሙ የሚወጣው ከስምንት ወር በኋላ ነው፣ 10/10 ግን ሰጥተኸዋል።

አክባሪህ፣ መሀል ላይ ይንዛዛል ያለው ሰውዬ።

ማሳሰቢያ፦ ሽማግሌው አልሞተም። ስፖይለር ስለሆነብህ ይቅርታ።