ማለዳ ሩጫ፣ እዚያና እዚህ

አዲስ አበባ ውስጥ ከንጋቱ 11 ሰዓት መነሣት ጉብዝና አይደለም። ሰፈሩ ራሱ ይቀሰቅስሃል። አዛኑ ይሰማል፣ ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይመጣል፣ የታክሲ ረዳት መጣራት ይጀምራል፣ የጎረቤት የቆርቆሮ በር ይንኳኳል። ብትተኛም እንቅልፉ አይጥምህም። መሮጥ ለፈለገ ሰው የሚቀረው ጫማውን ማሰር ብቻ ነው።

እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ግን ማንም አይቀሰቅስህም። አፓርታማው ጭር ብሏል። ያለህ አላርም ነው፤ እሱን ደግሞ በአንድ ጣት ነክተህ ዝም ታሰኘዋለህ። ለዓመታት የታዘብኩት፣ ወገኖቻችን እዚህ ሩጫ ጀምረው የሚተዉት ሰንፈው አለመሆኑን ነው። ቀን ሆስፒታል፣ ማታ ፓርኪንግ እየሠራ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሰነፍ ሊባል አይችልም። የጎደለን "ዛሬ ምነው ቀረህ?" የሚል ሰው ነው።

መስቀል አደባባይን በንጋት ያየ ሰው ይህ ይገባዋል። ሯጩ በአንዱ ረድፍ ደረጃ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሮጣል፣ ከዚያ አንድ ረድፍ ከፍ ብሎ ይመለሳል፣ እንዲህ እያለ እስከ ላይ ይዘልቃል። ፊት ፊት የምትሄደው ክለብ ያላት አትሌት ልትሆን ትችላለች። ከኋላዋ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ከእሱ ኋላ ደግሞ ሐኪም "ስኳርዎ ከፍ ብሏል፣ ይንቀሳቀሱ" ያላቸው ጡረተኛ። ሁሉም በአንድ መስመር። ሲጨርሱ ብዙዎቹ ወደ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዞር ብለው ያማትባሉ፣ ላባቸውን ጠርገው ወደ ሥራቸው ይበተናሉ።

ባለፈው ጥር ለጥምቀት ሄጄ እዚያ ስሮጥ ገና ከጅምሩ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ታልፋለች፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ግን 100 ሜትር አካባቢ ናት። ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት ቀስ ብሎ ቢያሳልፍ ይሻለዋል። ጉልበቴን ይዤ ቆሜ ሳለሁ ሰማያዊ ቱታ የለበሱ አባት በአጠገቤ እያለፉ "አይዞሽ ልጄ፣ ቀስ በይ እንጂ አትቁሚ" አሉኝ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ሰላምታ ሆነ። አንድ ቀን ቀርቼ በማግስቱ ስሄድ ገና ከሩቅ አይተውኝ "ትናንት ምነው ጠፋሽ? አመመሽ እንዴ?" አሉ። ስሜን አያውቁም፣ እኔም ስማቸውን አላውቅም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መቅረት ከበደኝ። የሚጠብቁኝ ሰው ነበሩኛ።

ይህን ስል የእዚህን መልካምነት አልክድም። እዚህ የመሮጫ መንገድ አለ፣ ያውም በነጻ። በስላይጎ ክሪክ ዳር ያለው መንገድ ዛፍ ለዛፍ ለብዙ ኪሎ ሜትር ይወስድሃል። ዋሽንግተን ውስጥ በሮክ ክሪክ ፓርክ የሚያልፈው ቢች ድራይቭ ደግሞ፣ የላይኛው ክፍሉ እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ጊዜ ለመኪና ተዘግቶ፣ በዚያው ለእግረኛና ለብስክሌት ሆኖ ቀርቷል። ፀጉራቸው የሸበተ ሴቶች ቁምጣ ለብሰው ሲሮጡ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። አገር ቤት ግን ትልቅ ሴት በሰፈሯ ብትሮጥ "ምን ነክቷት ነው?" ትባላለች። ጎረምሳው ይለክፋታል፣ ውሻው ይከተላታል፣ የሚኒባሱ ጭስ ጉሮሮዋን ይዘጋዋል። ይህ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም የደራርቱና የጥሩነሽ አገር ነው።

ደግነቱ እየተለወጠ ነው። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ተማሪውንም እናቱንም አንድ ዓይነት ቲሸርት አልብሶ 10 ኪሎ ሜትር ያስሮጣል፣ ኅዳር ሲቃረብም በየሰፈሩ የሚለማመድ ቡድን ይታያል። በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችም ሯጩን ከመኪና ጋር ከመጋፋት አድነውታል። ሆኖም ጎህ ሳይቀድ ሴት ብቻዋን ባትወጣ እመርጣለሁ፣ እዚያም እዚህም።

ሌላው ፀሐይ ናት። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትወጣለች፣ ስለዚህ ሰውነት ሰዓቱን አይስትም። ዋሽንግተን አካባቢ በጁን 12 ሰዓት ሳይሞላ ይነጋል፣ በጃንዋሪ መጀመሪያ ግን ፀሐይ የምትወጣው 1 ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ነው። በበጋ ጥሩ አድርጎ የለመደ ሰው ኖቬምበር ላይ ጨለማውና ብርዱ ሲመጣ ያቆምና "እኔ አልሆንም" ብሎ ይደመድማል። እንዲህ ባይል ደስ ይለኛል። ሰዓቱን ወደ ረፋድ መግፋት ይቻላል፣ በእረፍት ቀን ፀሐይ ከወጣች በኋላ መውጣትም ይቻላል። እንቅልፍ ሰርቆ መሮጥን ደግሞ ፈጽሞ አልመክርም። አራት ሰዓት ብቻ የተኛ ሰው መጀመሪያ እንቅልፉን ይጨርስ።

እኛ የጀመርነው ሁለት ሆነን ነው፣ እኔና የልጄ ጓደኛ እናት። ስላይጎ ክሪክ ላይ ከአንዱ የእንጨት ድልድይ እስከ ቀጣዩ እንራመዳለን፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው እንሮጣለን። ፍጥነታችንን የሚወስነው ወሬያችን ነው፤ ማውራት ካቃተን ፈጥነናል ማለት ነው፣ እንቀንሳለን። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላየሁም። ውድ ሰዓትም አያስፈልግም። ቀስ በቀስ ሌሎች ተጨመሩ። ከሩጫው በኋላ ተራ ገብተን ቡና በየቤቱ እናፈላለን፣ የልጅ ትምህርት ቤትም የአገር ቤት ናፍቆትም እዚያ ይወራል፣ እውነቱን ለመናገር አንዳንዷ የምትመጣው ለቡናው ይመስለኛል፣ እሱም ይሁን፣ እግሯ ተንቀሳቅሷል።

አንዷ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት ትሠራለች። ለእሷ ማለዳ ማለት ከሥራ መውጫ ነው። የመሮጫ ጫማዋን መኪናዋ ውስጥ ታስቀምጣለች፣ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር ላዩ ላይ ጃኬት ደርባ ትመጣለች፣ ከእኛ ጋር ጥቂት ድልድይ ተራምዳ ቤቷ ገብታ ትተኛለች። ብቻዋን ብትሆን በቀጥታ ወደ አልጋዋ እንደምትሄድ ራሷ ትናገራለች። ከቀረች እንደምንደውል ታውቃለች። አንድ ቅዳሜ ቀርታ ብንደውል ጉንፋን ጥሏት ነበር፤ የዚያን ቀን ሩጫውን አሳጠርንና አጥሚት ሠርተን ቤቷ ሄድን።